ምን አድርገውህ ነው?

እናቴ ይህን ስትጠይቀኝ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። እኔ አጠገቧ ላፕቶፑ ላይ ተደፍቼ ለሃያ አንደኛ ጊዜ ሞትኩና በመብራት ክፍያ ደረሰኝ ጀርባ ላይ አንድ ጭረት ጨመርኩ። ሞቴን የምመዘግበው እዚያ ነበር፤ አራት ጭረት ሲሞላ አምስተኛውን በአግድም አስርበታለሁ።

«እነማን ናቸው ያደረጉኝ?»

«እነዚያ ሦስቱ ናቸዋ። ሁልጊዜ ቁጭ ብለው አይደል የምታገኛቸው? ቤታቸው ድረስ ሄደህ የምትቀሰቅሳቸው አንተ ነህ። ምን አድርገውህ ነው?»

«ጨዋታ ነው እኮ እማዬ» አልኳት። «እሺ» ብላ አንዲት ጠጠር ከምስሩ መካከል አወጣችና ጣለች።

መልሴ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ለምን ቡና ትጠጣለህ የተባለ ሰው «መጠጥ ነዋ» ብሎ እንደሚመልሰው ያለ ነበር። ይኸው ሦስት ወር አለፈ፤ ጨዋታውን ጨርሼዋለሁ፤ ጥያቄዋ ግን አላለቀልኝም።

ጨዋታው ሆሎው ናይት ይባላል። የላከልኝ ሚኒያፖሊስ የሚኖረው፣ በሰባት ዓመት የምበልጠው የአክስቴ ልጅ ነው። ከዚህ ሆኖ የጨዋታ ዋጋ መክፈል ራሱን የቻለ ውጊያ ስለሆነ ለልደቴ በስጦታ ሰደደልኝ። «ጋሼ፣ አግዳሚ ወንበር ባገኘህ ቁጥር ቁጭ በል። ሌላ ምክር የለኝም» አለኝ። ሠሪዎቹ ቲም ቼሪ የሚባሉ፣ አውስትራሊያ ውስጥ አደሌድ በምትባል ከተማ የሚኖሩ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2014 ከ57 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ትንሽ ከፍ የሚል መዋጮ ከሕዝብ ሰብስበው፣ በ2017 አወጡት። ለአንድ ሙሉ አገር ግንባታ ይህ ገንዘብ ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሚገባው ውስጡ ገብቶ ለጠፋ ሰው ነው።

አገሪቱ ሃሎውኔስት ትባላለች። ከምድር በታች ያለች፣ የፈረሰች፣ የነፍሳት መንግሥት ናት። ይህን የመጨረሻ ሐረግ በአማርኛ ሁለት ጊዜ ማንበብ ይቻላል። ጥንዚዛውም፣ ጉንዳኑም፣ የእሳት ራቱም ነፍሳት ናቸው፤ የሞቱት ሰዎቻችንም ነፍሳት ናቸው። አደሌድ ያሉት ሰዎች ይህን የቋንቋችንን አጋጣሚ ሊያውቁት አይችሉም፤ ግን የሠሩት ዓለም ሁለቱንም ትርጉም ይሸከማል። የምትመታው ነፍሳትን ነው፤ በመታህ ቁጥር የምትሰበስበውም ነፍስ ነው። ስለዚህ እዚያ አገር ስዞር የጓሮ ጥንዚዛ እያሳደድኩ ይሁን መቃብር ቤት ውስጥ እየተራመድኩ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም።

የማያውቁት አገር

ሜትሮይድቫኒያ የሚለውን የዘውጉን ስም ለእናቴ ብነግራት የመድኃኒት ስም መሰላት። ሜትሮይድ እና ካስልቫኒያ ከሚባሉ ሁለት የቆዩ የጃፓን ጨዋታዎች የተሰፋ ስም ነው። ከታሪኩ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በ1985 በወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ጉዞው ወደ ቀኝ ነው፤ አንዴ ያለፍከው ስፍራ ከስክሪኑ ከወጣ ወደ ኋላ አትመለስበትም። በዓመቱ ሜትሮይድ መጣ። ጨዋታው ሲጀመር እንደለመድከው ወደ ቀኝ ትሮጥና ትንሽ ቆይቶ ልታልፍበት የማትችለው ጠባብ ቀዳዳ ፊት ትቆማለህ። እንደ ኳስ ተጠቅልለህ እንድታልፍ የሚያስችልህ ዕቃ የተቀመጠው ከመነሻህ በስተግራ ነው፤ ጀርባህን በሰጠኸው በኩል። ዘውጉ በሙሉ ከዚያች አንዲት ተንኮል የተወለደ ይመስለኛል።

አባቶች «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይላሉ። ሆሎው ናይት ይህን ተረት አፈረሰብኝ። ከራሴ በላይ፣ ልደርስበት በማልችለው ከፍታ ላይ አንድ በር አያለሁ። ዘልዬ አልደርስም። ትቼው እሄዳለሁ። ከሁለት ቀን በኋላ ሥራ ቦታ ሒሳብ ሳስታርቅ ያ በር ትዝ ይለኛል። ገብቼበት የማላውቀው ቤት ይናፍቀኛል። እንዲህ ዓይነት ናፍቆት በሕይወቴ ሌላ ቦታ አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ምናልባት ያልሄድኩባቸው ትምህርት ቤቶች ላይ ካልሆነ በቀር።

ካርታውም የዋዛ አይደለም። አዲስ አካባቢ ስትገባ ካርታ የለህም። የተበተኑ ወረቀቶች መሬት ላይ ታያለህ፤ ከዚያ ከሩቅ የሚያንጎራጉር ድምፅ ትሰማለህ። ወፍራሙ ካርታ ሠሪ ኮርኒፈር ነው፤ አንድ ጥግ ቁጭ ብሎ ይሥላል። የሚሸጥልህ ካርታ ያልተጨረሰ ነው። ቀሪውን ራስህ እንድትሞላው ላይኛው መንደር ያለችው ሚስቱ ኢዜልዳ ብዕር ትሸጥልሃለች። የት እንዳለህ የሚያሳይህን ኮምፓስም የምትሸጥልህ እሷው ናት፤ ኮምፓሱ ግን እንደ ክታብ የሚታሰር ስለሆነ ለሌላ ክታብ የሚሆነውን ቦታ ይሻማብሃል። ያለህበትን ማወቅ በነጻ አይገኝም።

ከሁሉም ያስገረመኝ ግን ብዕሩ እየሄድክ አይጽፍም። የረገጥከው ሁሉ ካርታው ላይ የሚሰፍረው አግዳሚ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ነው። እስክትቀመጥ ድረስ አይተኸው የመጣኸው አገር ካርታው ላይ የለም። የአክስቴ ልጅ ምክር ይሄ ነበር ለካ።

ወደ ማንቲሶቹ መንደር የደረስኩት እንዲህ ስጠፋ ነው። ማንቲስ የምትባለውን ነፍሳት ሣር መካከል አይታችሁ ይሆናል፤ የፊት እግሮቿን እንደሚጸልይ ሰው አጥፋ የምትቆመው አረንጓዴ ፍጥረት ናት። እንጉዳይ የወረሰውን ዋሻ ቁልቁል ስወርድ ቤታቸው ወደቅኩ። ከመንደሩ ጥግ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ለመውጣት የሚያስችለውን ጥፍር አገኘሁ። ያን ቀን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ የናፈቁኝ በሮች ሁሉ ተከፈቱልኝ፤ ትናንት ግድግዳ የነበረው ዛሬ መሰላል ሆነ። ጥፍሩ የእነሱ ጥፍር መሆኑን፣ ከቤታቸው አንሥቼው መሄዴን ያሰብኩት ከእናቴ ጥያቄ በኋላ ነው። ምን አድርገውኝ ነው? እኔ ነኝ እንጂ ያደረግኳቸው።

ሦስት ምት፣ አንድ ትንፋሽ

ስለ ውጊያው ትንሽ ልናገር፤ ካልነገርኩ የሆነው ነገር አይገባም።

የምትመራው ትንሽ ተዋጊ ድምፅ የለውም፤ የያዘው ሰይፍ ሚስማር ነው። ሲጀምር አምስት ጭንብል አለው፤ አንድ ጊዜ ሲመታ አንዱ ይሰበራል፤ አምስቱ ሲሰበሩ ይሞታል። ጠላት በመታህ ቁጥር 11 ነፍስ ታገኛለህ። አንድ ጭንብል ለመጠገን 33 ያስፈልጋል። ሦስት ምት ማለት ነው። ግን ለመጠገን መሬት ላይ ቆመህ፣ ሳትንቀሳቀስ፣ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ለሚያልፍ ጊዜ መጽናት አለብህ። በዚያ መካከል ከተመታህ ጭንብሉም ነፍሱም ሄደ። ለመዳን መምታት አለብህ፤ ለመዳን ደግሞ መምታት ማቆም አለብህ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ጣቶቼ የተማሩት እዚህ ነው።

ስትሞት ደግሞ ከሞትክበት አካባቢ ጥላህ ይቀራል። ገንዘብህን በሙሉ የያዘው እሱ ነው። የነፍስ መያዣህም ስለሚሰነጠቅ ከበፊቱ ያነሰ ትይዛለህ። ተመልሰህ የራስህን ጥላ መግጠምና ማሸነፍ አለብህ፤ ሳትደርስበት ዳግም ከሞትክ ገንዘቡ ለዘለዓለም ጠፋ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንላለን፤ እዚህ አገር የቸኮለች አፍሳ የምትለቅምበት ዕድል አንድ ብቻ ነው። ካርታ ልገዛበት ያጠራቀምኩትን ዘጠኝ መቶ ያህል በአንድ ምሽት አጥቼ፣ እራት አልበላም ያልኩበትን ቀን እናቴ እስካሁን ታነሣብኛለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው።

በሃሎውኔስት የምትገጥማቸው አብዛኞቹ ፍጥረታት ብርቱካናማ በሆነ ብርሃን የተበከሉ ናቸው። አእምሯቸውን ወስዶባቸዋል። ዓይናቸው ይበራል፣ ሰውነታቸው ይንቀሳቀሳል፣ ውስጣቸው ግን ማንም የለም። እነሱን መምታት አይከብድም። የመጀመሪያው ትልቅ አለቃ፣ ግዙፍ ጋሻ ለብሶ መዶሻ የሚያወርደው፣ ብዙ በመምታት የሚሸነፍ ነው፤ ውስጡ አንድ ምስኪን ትል ተደብቆ እስኪወጣ ድረስ መውቀጥ ነው። እኔም ውጊያ ማለት ይህ መሰለኝ።

ማንቲሶቹ ግን አልተበከሉም። ይህ ነው ልዩነቱ። ብርሃኑን አልቀበልም ብለው አእምሯቸውን ይዘው የቀሩ ሕዝብ ናቸው። ከእነሱ በታች ዲፕኔስት የምትባል፣ ስሟን ስጽፍ አንገቴን የሚበላኝ ጨለማ አለች፤ የዚያ ጨለማ ፍጥረታት ወደ ላይ እንዳይወጡ በሩን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። የሚወጉኝ አብደው አይደለም። ያለ ፈቃድ ግቢያቸው የገባሁ ባዕድ ስለሆንኩ ነው። በገዛ ቤቴ እኔም ከዚህ የተለየ አላደርግም።

ከመንደሩ ግርጌ ሦስቱ ጌቶች በየዙፋናቸው ተቀምጠዋል። ስትገባ አያጠቁህም። ፊታቸው ቆመህ ሚስማርህን ስትመዝ ብቻ ነው መካከለኛዋ የምትነሣው። እናቴ ያየችው ይህን ነበር። እኔ ሃያ አንድ ጊዜ አድርጌው አላየሁትም።

ያልመታሁበት ምሽት

በሃያ አራተኛው ሙከራ የመጀመሪያዋን ጌታ አሸነፍኩ። ወደ ዙፋኗ ዘልላ ተመለሰችና የቀሩት ሁለቱ በአንድነት ተነሡ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ሁለት ጭንብል ቀርቶኛል። በዚያ ቅጽበት መብራት ጠፋ።

የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ እኔም እጠፋለሁ። ጨለማ ውስጥ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እናቴ ሻማ ለኮሰች። ምስሩን በሻማ መልቀም ስለማይሆን ሰፌዱን አስቀምጣ እጇን አጣጠፈች፤ መቼም ሥራ ስትፈታ ወሬ ትጀምራለች።

«ያቺ ረጅሟ» አለችኝ፣ «ከመምጣቷ በፊት እኮ ትንሽ ወደ ኋላ ትላለች።»

«የቷ ረጅሟ?»

«የምታሳድድህ ናታ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ትላለች፣ ከዚያ ነው እንደ ጦር የምትመጣው። ያን ነገር ልትወረውር ስትል ደግሞ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች። አላየህም?»

አላየሁም። ሃያ ሦስት ጊዜ ሞቼ አላየሁም። እናቴ በሕይወቷ አንድ ጨዋታ ተጫውታ አታውቅም፤ ነገር ግን ስድሳ ዓመት ከምስር ውስጥ ጠጠር ስትለይ የኖረች ሴት ናት። ከጭኗ ላይ ምስር፣ ከጎኗ ስክሪን፤ በትርፍ ዓይኗ ያየችውን እኔ በሁለቱም ዓይኔ አፍጥጬ አጣሁት። የት ነበር የማየው? ሳስበው፣ የማየው የራሴን ጭንብሎች ነበር። ስንት ቀረኝ? ስንት ምት ቀረኝ? ውጊያው መካከል ሆኜ ኪሴን እቆጥር ነበር።

መብራቱ የመጣው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ተኝታለች። ላፕቶፑን ስከፍት ትንሹ ተዋጊ መንደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ምንም እንዳልሆነ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ዛሬ አልመታም። ገብቼ ሚስማሬን እመዝዛለሁ፣ ከዚያ በኋላ እስክሞት ድረስ አንዴም አልሰነዝርም።

ይህን ለማድረግ ምን ያህል እንደሚከብድ ያልሞከረው አያውቅም። ጣት የራሱ ፈቃድ አለው። ጌታዋ በአየር ላይ ስትታጠፍ፣ ጀርባዋ ሲገለጥ፣ ጣቴ ሳላዘው ወደ መምቻው ቁልፍ ይሄዳል። በመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ጊዜ መታሁ፤ ሞትኩ፤ ጭረት ጨመርኩ። በሁለተኛው የግራ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ልጫወት ፈለግኩ፤ ያው አይሆንም። በሦስተኛው ጣቴን ከቁልፉ አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩት።

ያኔ ታየኝ። የሚያደርጉት ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ከዳር ቆመው ትንሽ ወደ ኋላ ብለው፣ ወለሉን እንደ ጦር ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ መዝለል ነው። ሁለተኛው፣ ከራስህ በላይ ይጠፉና ጦራቸውን ወደ ታች ይዘው ይወርዳሉ፤ ወደ ጎን መሸሽ ነው። ሦስተኛው፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ስለታም ነገር ይወረውራሉ፤ ዞሮ ይመለሳል፤ ከመሄዱ ይልቅ መመለሱ ነው የሚገድለው። በእያንዳንዱ መካከል አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጸጥታ አለ። የሚገርመው፣ ያ ጸጥታ ከጨዋታው ሙዚቃ ደራሲ ከክሪስቶፈር ላርኪን ዜማ ጋር ሆኖ ስሰማው፣ ውጊያው ውጊያ መምሰሉን ተወ። ሁለት ሰዎች ተራ እየጠበቁ ሲነጋገሩ መሰለኝ። እነሱ ይናገራሉ፣ ያቆማሉ። እኔ ግን ከዚህ በፊት ሲያቆሙ ብቻ ሳይሆን ሲናገሩም እናገር ነበር።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሚገባው አንድ ምት ነው። ሁለት አይገባም። የደረሰኙን ጀርባ አየሁት፤ እነዚያ ሁሉ ጭረቶች የሁለተኛዋ ምት ነበሩ። አንዴ መትቼ ካገኘሁ አንድ ልጨምር እላለሁ፤ በመጨመሩ ላይ ስሆን ጦሩ ያገኘኛል። የሞትኩት በእነሱ ጉልበት አልነበረም። በስስቴ ነው። አንዷ ምት ተራዬ ነበረች፤ ሁለተኛዋን ከእነሱ ነጥቄ ነው።

ያን ሌሊት ሳልመታ ምን ያህል እንደቆየሁ አልቆጠርኩም፤ የቡና ውሃ አስቀምጦ እስኪፈላ ያህል ይሆናል። ሲገድሉኝ አልተናደድኩም።

እጅ መንሣት

በማግስቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እናቴ ገበያ ሄዳ ሳለ አሸነፍኳቸው። ሠላሳ ጊዜ ሞቼ፣ አንዴ መብራት ጠፍቶብኝ፣ በሠላሳ ሁለተኛው። የውጊያው ዝርዝር ትዝ አይለኝም፤ ሲሳካ የሚታወስ ነገር የለም። አንድ ትዝ የሚለኝ፣ ሁለቱ በግራና በቀኝ ግድግዳ ተለጥፈው ሲወረውሩ መሐል ላይ ቆሜ ጭንብል መጠገኔ ነው። ያን ያህል ጊዜ እንዳለኝ በምን አወቅኩ? አላውቅም። ነበረኝ።

የመጨረሻዋ ስትመታ አልሞተችም። ወደ ዙፋኗ ተመለሰች። ሙዚቃው ቆመ። ከዚያ ሦስቱም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡኝ።

አማርኛ እዚህ ላይ አንድ ቀጭን ክር አላት። እጅ መስጠት አለ፤ እጅ መንሣት አለ። እጅ የሚሰጥ ተሸንፎ የተማረከ ነው። እጅ የሚነሣ ግን ክብሩን ይዞ ክብር የሚሰጥ ነው። እኔ ሠላሳ አንድ ጊዜ እጅ እንዲሰጡኝ ስታገል ከርሜ፣ ያገኘሁት ሌላውን ነው። በልጅነቴ አያቴ አገር የገና ዕለት ሜዳ ላይ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል ትርጉሙ ሳይገባኝ አብሬ እጮህ ነበር። ያን ዕለት ጌታውን ቅልጥሙን ቢሉት ቂም አይያዝም ማለት ነው። እነዚህ ጌቶችም እንዲሁ ሆኑብኝ። ሠላሳ ጊዜ ገደሉኝ፤ አንድ ጊዜም አላሳደዱኝም፤ ሲሸነፉ አልተቆጡም።

ይህ ሁሉ ደስ ይላል። የከነከነኝ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው።

ወደ ላይ፣ ወደ መንደሩ ተመለስኩ። የመጀመሪያውን መወጣጫ እንደወጣሁ አንድ የማንቲስ ተዋጊ ፊት ለፊቴ ቆሟል። አላሰብኩም፤ ወደ ኋላ ዘለልኩ፤ ከመድረኩ ጫፍ አልፌ ወደ ታች ወደቅኩ። ልቤ እየመታ ዳግም ወጣሁ፤ ጣቴ መምቻው ላይ ነው። ተዋጊው አልመጣብኝም። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ቆሟል። ሰላምታ ሊሰጠኝ ከቆመ ሰው ነበር የሸሸሁት።

ቀጥዬ ወጣሁ። ሌላም አለ፤ እሱም አንገቱን ደፋ። ሌላም። በጨዋታው ሕግ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ስትነሣ የገደልካቸው አብዛኞቹ ተመልሰው ቆመው ታገኛቸዋለህ፤ ይህን እንደ ቀላል ነገር ለምጄው ነበር። በየመንገዱ የገደልኳቸውን እነዚህን ተዋጊዎች ስንት ጊዜ ገደልኳቸው? ለጌቶቹ ስሞት ጭረት ጭሬአለሁ፤ ለእነዚህ አንድም አልጫርኩም። አሁን በየበራቸው ቆመው ያሳልፉኛል። ሌላ ጨዋታ ቢሆን ባዶ መንደር ወይም የሬሳ ክምር ይሰጠኝና ድሌን አከብር ነበር። ይኼኛው ሕያዋን አድርጎ አስቀመጣቸው፣ በመካከላቸው እንዳልፍ።

መንደሩን ወጥቼ እስክጨርስ ድረስ ጣቴ ከመምቻው ቁልፍ ላይ አልተነሣም። አደጋ እንደሌለ አውቃለሁ። ጣቴ አያውቅም። ከድል በኋላ የተራመድኩት እንደ ሌባ ነው።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ነገርኳት። እንደ ሕፃን በር ላይ ነበር የተቀበልኳት።

«አሸነፍኳቸው! ከዚያ ሦስቱም እጅ ነሡኝ። መንደሩ በሙሉ እጅ ነሣኝ።»

ዘንቢሏን እያስቀመጠች «ጎሽ» አለች። ቀጥላም «አንተስ?» አለችኝ።

«እኔ ምን?»

«አንተስ ነሣሃቸው?»

ሄጄ ላፕቶፑን አየሁት። ለመምታት ቁልፍ አለ። ለመዝለል አለ፣ ለመሸሽ አለ፣ ራስን ለመጠገን አለ፣ ካርታ ለመግለጥ አለ። እጅ ለመንሣት ቁልፍ የለም።

አራተኛው ዙፋን

በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለ። ስለ ጌቶቹ ስተርክለት በትዕግሥት ሰማኝና «ጋሼ፣ አራተኛውን ዙፋን አየኸው?» አለኝ።

«ሦስት ናቸው።»

«ጌቶቹ ሦስት ናቸው። ዙፋኑን ነው የምልህ።»

ተከራከርኩት። ሠላሳ ሁለት ጊዜ የገባሁበት ክፍል ነው፤ እያንዳንዱን ጥግ አውቀዋለሁ፤ ከመኝታ ቤቴ በላይ አውቀዋለሁ። ሳቀብኝ። «ተመለስና እይ» ብሎ ዘጋው።

ተመለስኩ። በመንደሩ መካከል ስወርድ ተዋጊዎቹ አንገታቸውን ደፉልኝ፤ ይህን ጊዜ ቀስ ብዬ አለፍኩ። ወለሉ ላይ ደረስኩ። ካርታው በደንብ ሞልቶ የነበረው ይህ ክፍል ነው፤ ለውጊያ የሚሆነውን እያንዳንዱን ስንዝር በዓይኔ ለክቼዋለሁ። ከሦስቱ ዙፋኖች ጎን ግን የተሰበረ አራተኛ ዙፋን አለ። ሁልጊዜም ነበረ። ብርሃኑን እምቢ ሲሉ አብሯቸው እምቢ ያላለ፣ ኃይሉን ፈልጎ የተቀበለና የተለያቸው ወንድም ነበራቸው። እሱን ከብዙ ቀን በኋላ በንግሥቲቱ አትክልት ስፍራ አገኘሁት፤ ዓይኑ በብርቱካናማ ብርሃን ይነድዳል፤ ያ ሌላ ወሬ ነው። ያን ዕለት ግን እሱን አላውቀውም። የማየው የተሰበረ መቀመጫና ከጎኑ የተቀመጡ ሦስት እህቶችን ብቻ ነው። ሐዘን ቤት ሠላሳ ሁለት ጊዜ ሰይፍ መዝዤ ገብቻለሁ።

ቆምኩ። የሚመታ ነገር የለም፤ የሚገኝ ነገር የለም፤ ካርታው ላይ የሚጨመር ነገር የለም። እናቴ ከጀርባዬ መጥታ ቆማለች፤ እጇ ሽንኩርት ይሸታል።

«እነሱ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው።»

ከክፍሉ በታች ምን እንዳለ ለማየት የሚያገለግል አንድ ነገር አለ፤ የታች ቀስቱን ተጭነህ ከያዝከው ስክሪኑ ዝቅ ይልልሃል። ገደል ከመዝለሌ በፊት ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። ተጫንኩትና ያዝኩት። ስክሪኑ ቀስ ብሎ ወረደ። ትንሹ ተዋጊ ወደ ታች ለማየት አንገቱን ደፋ።

ጣቴን ሳላነሣ ቆየሁ።